የአምስተኛው ፎቅ ኩርፊያ

ቤቱ ለመጥረግ የሚበቃ ወለል የለውም፤ ሐኪሟ ግን ከምሳ ጀምሮ ደጋግማ ትጠርገዋለች። ስትጨርስ መጥረጊያውን ጥጉ ላይ ታቆምና ትቀመጣለች፤ ትንሽ ቆይታ ደግሞ ብድግ ብላ ታነሳዋለች። የሚመጣው እንግዳ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልተቁነጠነጠች። የሚመጣው ባሏ ነው፤ የሚመጣውም የቀረ ዕቃውን ሊወስድ ነው። ነገ ጠዋት ሁለቱም ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፣ ዳኛው ይጠይቃቸዋል፣ አዎ ይላሉ፣ ይፈርማሉ፣ ይለያያሉ።

ችግሩ ሐኪሟ መፋታት አለመፈለጓ ነው። ይህንን ለእናቷ አልነገረችም፣ ለጓደኞቿም አልነገረችም፤ ለራሱ ለባሏማ ጭራሽ ትንፍሽ አላለችም። ዛሬ ግን ልትነግረው ቆርጣለች። የምትለው አንዲት ቃል ናት፤ «አንፋታ» ነው የምትለው። ጠዋት መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳዋለች። ሲመሽ ሲነጋ የሰው መንጋጋ ስትነቅል የምትውል የጥርስ ሐኪም፣ ይህችን አንድ ቃል ከራሷ አፍ ማውጣት አቅቷት ላብ በላብ ሆነች።

ቤቱ ደግሞ ዛሬ አላስቀምጥ ብሏታል። የትም ዞር ብትል የሆነ ነገር ያስታውሳታል። ቤት ይሉታል እንጂ የቤት ቁራጭ ነው። ድሮ አንድ ሰፊ አፓርታማ የነበረውን የሕንፃው ባለቤት በስስ ግድግዳ ለሁለት ከፍሎ አከራየው፤ ሲከፍልም ዓይኑን ጨፍኖ ነው የከፈለው። የገላ መታጠቢያው ገንዳ ኩሽና ውስጥ ቀረ። የመኝታ ክፍሉ መብራት ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ከግድግዳው ወዲያ፣ ጎረቤት ቤት ቀረ። ገንዳውን ሰፊ ጣውላ ደርበውበት ማዕድ አደረጉት። ገላ መታጠብ የፈለገ ሰው ሰሃን አንስቶ፣ ድስት አንስቶ፣ ጣውላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ነው የሚታጠበው። እንግዳ ሲመጣ የተቀመጠበት ነገር ምን እንደሆነ እስኪገባው ድረስ እየጠበቁ ይስቁበታል።

ጎረቤቲቱ ዕድሜያቸውን በሙሉ የስልክ መስመር ሲያገናኙ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። ግድግዳው ሲመታ «ሃሎ» ብለው ነው የሚመልሱት፤ በዚያው ስማቸው እትዬ ሃሎ ሆኖ ቀረ። ባልና ሚስቱ መተኛት ሲፈልጉ ግድግዳውን ይመታሉ። «ሃሎ» ይላሉ እትዬ። «ያጥፉልን» ይሏቸዋል። ይጠፋል። እትዬ ሃሎ ዘመድ ጥየቃ ወጣ ካሉ ግን መብራቱ ቦግ ብሎ ያድራል፤ ሁለቱም ፊታቸው ላይ ፎጣ ጥለው ይተኛሉ። በሠርጋቸው ማግስት የሆነው ይኸው ነው። ሐኪሟ ፎጣው ውስጥ ሆና እስኪያማት ድረስ ነው የሳቀችው።

ወለሉም ወደ መስኮቱ ያዘነብላል። ከእጅ ያመለጠ ብርቱካን የሚፈለገው መስኮቱ ሥር ነው። ባሏ አንድ ቀን ከሥራ ውሃ ልክ ይዞ መጣና ወለሉን ለካ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ ከዚያም «ቤቱ ልክ ነው፤ የተጣመመችው ምድር ናት» ብሎ ውሃ ልኩን ወደ ቦርሳው መለሰ። አልጋው ወደ መስኮቱ እንዳይሄድባቸው ግርጌውን በጡብ ደግፈው ነው የሚተኙት።

ውሃ ልክ ከየት መጣ ላለ፣ ሰውየው የሊፍት ጠጋኝ ነው። የከተማው ትልልቅ ሕንፃዎች ሊፍታቸው ቀጥ ሲልባቸው የሚጠሩት እሱን ነው። እሱ ራሱ የሚኖረው ግን ሊፍቱ ከሞተ ዘመን ባስቆጠረ ሕንፃ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። የሕንፃው ሰው ይህን ቀልድ ሊያልፈው አልቻለም፤ ሊፍቴ አሉት። እሷም ሊፍቴ አለችው። እሱ በበኩሉ ደስ ሲለው «ዶክተርዬ»፣ ሲከፋው ደግሞ «ዶክተር» ይላታል፤ መሐሉ የለም።

የሞተውን ሊፍት ማስነሳት ዓላማው ሆኖ ነበር። ከየሥራ ቦታው የተጣለ ዕቃ እየለቀመ፣ እሁድ እሁድ ጣሪያው ሥር እየተንጠለጠለ ቆየ። አንድ እሁድ ፊቱ በግራሶ ጠቁሮ መጣና «ነይ፣ የመጀመሪያዋ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ» አላት። የሕንፃው ባለቤት ሽንኩርት የሚያከማችበት ሊፍት ውስጥ፣ ከሽንኩርቱ ጋር ገቡ። ሊፍቱ አቃሰተ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተነሳ። ሐኪሟ አጨበጨበች። በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መሐል ላይ ግን ቀጥ አለ፤ ጨለመ።

እዚያ ጨለማ ውስጥ፣ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ተቀምጠው፣ ከዚያ በፊት ነግሯት የማያውቀውን ነገራት። እናቱ ስትሞት ገና ልጅ ነበር፤ ያደገው እንጀራ እናቱ ቤት ነው። ሲከፋው ግቢው ጥግ የውሃ ታንከር ኋላ ገብቶ ይቀመጣል። ይጠብቃል። መምሸቱ አይቀርም፣ መራብም አለ፤ ማንም ስሙን አይጠራም፣ ማንም የት ገባ አይልም። በመጨረሻ ራሱ ወጥቶ ይገባል፤ ሲገባም አለመኖሩን ያየ ሰው የለም። ሐኪሟ ይህን ሰምታ በጨለማው አለቀሰች፣ እጁን ይዛ ቆየች። ኋላ ቤታቸው ገብተው ሲረጋጉ፣ የሊፍቱን በር በመፍቻው ወዲያው መክፈት ይችል እንደነበር ሳቅ እያለ ነገራት። በፎጣ ደበደበችው። ከዚያ ቀን የበለጠ የወደደችው ቀን ትዝ አይላትም። ያን ዕለት የነገራትን ግን ሰማችው እንጂ አልገባትም።

አንድ ክፍልና አንድ ኩሽና ለፍቅር ይበቃል፤ ለኩርፊያ ግን አይበቃም። ያኮረፈ ሰው ፊቱን የሚያዞርበት ቦታ ይፈልጋል። እዚህ ቤት ፊቱን ያዞረ ሰው ከግድግዳ ጋር ይላተማል፤ ከግድግዳው ወዲያ ደግሞ እትዬ ሃሎ ጆሯቸውን ጥደው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ገና በተጋቡ በጥቂት ወራት ሐኪሟ ሕግ አወጣች። ያኮረፈ የኩሽናውን በርጩማ ይዞ ደረጃው ላይ ይወጣል። ቤት የቀረው አይከተልም፣ አይጣራም፣ አይለማመጥም፤ ሻይ ጥዶ ይጠብቃል። ያኮረፈው ሲበርድለት በራሱ ጊዜ ይመለሳል። ሲመለስ ምን ሆነህ ነበር፣ ምን ሆነሽ ነበር አይባልም፤ ሻዩ ይቀዳለታል።

ይህን ስታወጣ ክፋት አልነበራትም። እናቷ ኩርፊያ የማትችል ሴት ናት። ሐኪሟ ልጅ ሆና ፊቷ ትንሽ ከጠቆረ፣ እናቷ ከክፍል ክፍል እየተከተለች፣ ምን ሆንሽ፣ ማን ምን አለሽ፣ ምን ልግዛልሽ እያለች ታፍናታለች። ሽንት ቤት በር ላይ ቆማ የምትለማመጥ እናት ናት። ከእንዲህ ያለ ቤት የወጣች ልጅ የምትወደው ሰው ለአንድ አፍታ እንዲተዋት ነው የምትመኘው። የምትወደውንም ሰው ስትተወው ትልቅ ስጦታ የሰጠችው ይመስላታል። ሊፍቴ ሕጉን ሲሰማ «አንቺ ካልሽ» አላት።

ሕጉ ለዓመታት ሠራ። ደረጃው ላይ የሚያኮርፍ ሰው በሕንፃው የታወቀ ሆነ፤ የሚወጣ የሚወርደው «ዛሬ ደግሞ ተረኛው አንተ ነህ?» እያለ ያልፋል። እትዬ ሃሎ ብቅ ብለው ለአኩራፊው ዳቦ ያቀብላሉ፣ ስለ ጋብቻ ያላቸውን ሐሳብም ሳይጠየቁ ይጨምራሉ። ሐኪሟ ስታኮርፍ ደረጃው ላይ ተቀምጣ መጽሐፍ ታነብባለች፤ ደስ ይላታል። እሱ ሲያኮርፍ ምን እንደሚያደርግ ግን ወጥታ አይታው አታውቅም፤ ሕጉ አይፈቅድማ።

ያፈረሳቸው የአባቷ ስጦታ ነው። አባቷ መሐል ከተማ፣ አዲስ ሕንፃ ላይ አፓርታማ ገዛላቸው። ሁለት ሊፍት አለው፤ ሁለቱም ይሠራሉ፤ በራቸው ሲከፈት ዜማ ያሰማሉ። እናቷ ደስታዋን መያዝ አቃታት። ከመጀመሪያውም ልጇ በገመድ ተንጠልጥሎ የሚውል ሰው ማግባቷ አንጀቷን ቆርጦታል፤ አሁን ቢያንስ የምትኖርበት ቤት ሰው የሚጠራበት ሆነ። ሊፍቴ ግን ቁልፉን አየው እንጂ አልነካውም። እዚህ ምን ጎደለን ብሎ ጠየቃት። እሷ ያን ቀን ከጠዋት ጀምሮ ቆማ ውላ፣ አምስት ፎቅ በእግሯ ወጥታ፣ ለመታጠብ ገና ሰሃኑን ከገንዳው ላይ ማንሳቷ ነው።

«ይሄም ቤት ተብሎ» አለች።

ቃሉ እንደወጣ ፊቱ ሲለወጥ አየችው። ለእሷ ይህ ቤት የመጀመሪያ ጎጆዋ ነው፤ ለእሱ ግን በሕይወቱ የመጀመሪያ ቤቱ ነው። ይቅርታ፣ ደክሞኝ ነው ልትል አፏን ስትከፍት በርጩማውን አንስቶ ወጣ። ከወጣ በኋላ ደግሞ ሕጉ አለ። ሻይ ጣደች። ሻዩ ፈላ፣ ቀዘቀዘ፣ እንደገና ተሞቀ። በመጨረሻ በሩን ገርበብ አድርጋ ብታይ በርጩማው ብቻውን ደረጃው ላይ ቆሟል።

ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ ነው። ሥራ ቦታው ብትጠይቅ ወደብ ከተማ ተዛውሯል አሏት። አዲሱ ቤት ሳትገባ፣ ሲበርድለት ይመጣል ብላ እዚሁ ጠበቀች። ስልኳ ላይ መልእክት ትጽፋለች፣ ታጠፋዋለች፤ መለማመጥ ይሆንብኛል፣ ይታፈንብኛል ትላለች። ከወራት በኋላ ደወለና ደህና ነሽ አላት፤ ደህና ነኝ አለችው። ሁለቱም ሌላው እንዲቀጥል ጠብቀው ተዘጋ። ሦስት ዓመት ሊሞላ ሲል ደግሞ እንደገና ደወለና ነገሩን በወረቀት እንጨርሰው አላት። «እንደፈለግክ» አለችው። በሕይወቷ ይህን ቃል ስትናገር ልቧ እንደዚያ ቀን የተቆረጠበት ጊዜ የለም።

ሊፍቴ እንደ ድሮው ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለለ መጣ። በሩን ስትከፍትለት ሁለቱም አንድ ነገር ሊሉ ጀምረው ሁለቱም ተዉት። ጠቆር ብሏል፤ ጆሮ ግንዱ ላይ ሽበት ጣል ጣል አድርጎበታል። ሸሚዙ በሥርዓት ተተኩሷል። እሱ ሸሚዝ መተኮስ አይችልም፤ ሞክሮ አንዴ ጣውላውን አቃጥሏል። ሐኪሟ የሸሚዙን ኮሌታ አንድ ጊዜ አየችና ዓይኗን ወደ ወለሉ መለሰች።

መኝታ ክፍሉ አልጋው በሩን ስለሚይዘው በጎን ነው የሚገባው። ሳያስበው ሆዱን ሳብ አድርጎ በጎን ሲገባ አየችው። ዕቃው ብዙ አይደለም፤ ወፍራም ጃኬቱ፣ የቆዳ ጓንቶቹ፣ ጥቂት መፍቻዎች፣ ያ ውሃ ልክ። አጣጥፋ አስቀምጣለታለች። ከላይ የተቀመጠው ጃኬት መታጠቡን ሲያይ ትንሽ ቆመ።

«አልነበረብሽም» አላት።

«ቆሽሾ ነው» አለችው።

ኩሽና ገብቶ ገንዳው ላይ፣ የድሮ ቦታው ላይ ተቀመጠ። እሷ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ስለ ወደቡ ከተማ ሙቀት አወራት፤ ስለ ሆስፒታሏ አዲስ ወንበር አወራችው። ባልና ሚስት እንዲህ ሲያወሩ መስማት ያሳፍራል። ቃሏ አፏ ውስጥ አለ፤ ምላሷ ላይ ደርሶ ይመለሳል። አሁን እላለሁ፣ ይህን ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ እላለሁ ስትል፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የመኝታ ክፍሉ መብራት ቦግ አለ።

ግድግዳውን የመታ ሰው የለም። እትዬ ሃሎ የሊፍቴን ድምፅ በግድግዳው ሰምተው ነው። ቀጥሎም በቀጭኑ «ሃሎ» የሚል ድምፅ መጣ፤ በደስታ የሚንቀጠቀጥ ነው።

ሁለቱም ሳቁ። ሊፍቴ ሳቁን ሊይዝ አፉን በእጁ አፈነ፣ አልሆነለትም፤ እሷ ጉልበቷ ላይ ተደፋች። እንዲህ አብረው ከሳቁ ዘመን ሆኗቸዋል። ቀና ስትል ዓይኑ ዓይኗ ላይ ነበር። ያ ዓይን የድሮው ነው፤ ምንም አልተለወጠም። ሐኪሟ ይህን ባየች ጊዜ ተስፋ አደረገች፤ ያን ያህል ተስፋ ባታደርግ ኖሮ በኋላ ያን ያህል ባልጎዳት።

«አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት፣ ሳቁ ሲሰክንለት። «ነገ ከተፈራረምን በኋላ መጠየቅ አያምርም። ያን ቀን ለምን አልወጣሽም?»

«ወዴት?»

«ወደ እኔ።»

ምን እንደሚላት አልገባትም። ሕጋችን ነዋ አለችው፤ ያኮረፈ አይከተሉትም፣ በራሱ ይመለሳል፣ እንዲህ አልነበር ያልነው? እሱ ራሱን ዝቅ አድርጎ የእጆቹን መዳፎች እያሻሸ ቆየ። ከዚያ ቀስ ብሎ ነገራት። ወዲያው ወደብ ከተማ አልሄደም። መንገዱ ማዶ ያለው ፔንሲዮን ውስጥ፣ የሕንፃውን በር የሚያሳይ ክፍል ይዞ ነበር። ጠዋት ለሥራ ስትወጣ ያያታል፤ ማታ ስትገባ ያያታል። ዛሬ ቀና ትላለች፣ ዛሬ ሰው ትጠይቃለች፣ ዛሬ ስልክ ታነሳለች እያለ ሳምንት አለፈው። እሷ ቦርሳዋን አንግታ፣ አንገቷን ቀጥ አድርጋ ትሄዳለች። የዝውውር ወረቀቱ ሲመጣለት ፈርሞ ሄደ።

«ደረጃው ላይ ስቀመጥም እንደዚያው ነበር» አላት። «ሁሌም። አንቺ የምትመጪ እየመሰለኝ በሩን አያለሁ። ሻዩ ሲፈላ ይሰማኛል። አትመጪም። ከዚያ ራሴ ተነስቼ እገባለሁ። ስገባ ትስቂልኛለሽ፤ ሻይ ትቀጂልኛለሽ። ደግ ነሽ። ግን አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣ መጥተሽ ክንዴን ይዘሽ ብታስገቢኝ ብዬ እመኝ ነበር።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ነግሬሻለሁ» አላት። «ሊፍቱ ውስጥ።»

ሐኪሟ አፏን በመዳፏ ያዘች። የውሃ ታንከሩ ኋላ የተቀመጠውን ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው ያኔ ነው። የሚጠብቀው እሷን ነበር። እሷ ደግሞ በገዛ እጇ፣ በፍቅር፣ በርጩማ አስይዛ ወደዚያው መለሰችው፤ ደጋግማ መለሰችው።

«በሩን አልቆለፍኩትም» አለችው። ድምፅዋ የራሷ አልመስላት አለ። «ከሄድክ ጀምሮ። እትዬ ሃሎ ሌባ ይገባብሻል እያሉ ጮኹብኝ። ሌሊት ብትመጣ፣ ቁልፍ ባይኖርህ፣ ቆልፋብኛለች እንዳትል ብዬ ክፍት በር ላይ ነው የምተኛው። ያ ነው የእኔ መከተል። ሌላ አላውቅም ነበር። እኔ የምወደውን ሰው እንዲህ ነበር የምወደው።»

አየችው። ዓይኑ እንባ ሞልቷል። አሁን ካላለች መቼም አትልም።

«አንፋታ» አለችው።

ቃሉ ወጣ። መስታወት ፊት የተለማመደችው አነጋገር አልነበረም፤ የተሰበረ፣ ግማሹ በትንፋሽ የወጣ ነበር። ሊፍቴ ዓይኑን ጨፈነ። እንባው ወደ አገጩ ሲወርድ አልጠረገውም።  ሐኪሟ እጇን ዘርግታ እጁን ያዘች፤ አልነጠቃትም። መዳፉ እንደ ድሮው ሻካራ ነው። እዚያች ቅጽበት ላይ ብትሞት ግድ አልነበራትም።

«ይችን ቃል» አለ በመጨረሻ፣ «ይችን ቃል ያን ጊዜ መንገዱን ተሻግረሽ ብትነግሪኝ በባዶ እግሬ ነበር የምከተልሽ።»

«አሁንስ?»

ሰው አለች አላት። ሥራ ቦታው መጋዘን የምትጠብቅ ናት፤ ከተዋወቁ ዓመት ሆኗቸዋል። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። አንድ ቀን ከአለቃው ጋር ተጣልቶ፣ ሥራውን ጥሎ፣ ወደቡ ጫፍ ድረስ ሄዶ ተቀመጠ። ዞር ሲል እሷ አለች። ጫማዋ ቆርጧት እያነከሰች ተከትላዋለች። ሂጂ አላት፤ አልሄድም አለችው። ብዙ አታወራም፤ አጠገቡ ትቀመጣለች። ሲያኮርፍ ትከተለዋለች፤ ሲናደድ ትከተለዋለች። መጀመሪያ አናደደችው። በኋላ ደግሞ ስትዘገይ መንገድ መንገድ ማየት ጀመረ።

«ለዛሬም አትምጪ ብያት ነበር» አለ። «የብቻዬ ነገር ነው አልኳት። አውቶቡሱ ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጣ አገኘኋት። ታች ናት።»

«ትወዳታለህ?»

 እጇን ጠበቅ አድርጎ ያዘ፤ መልሱ ከሁለቱ የቱ እንደሆነ ከዚያ አያያዝ መለየት አይቻልም ነበር።

«አንቺን እወድሻለሁ» አላት። «ይሄንን ነገ ዳኛው ቢጠይቀኝም አልክድም። ግን እሷን ትቼ አንቺ ጋ ብመለስ፣ እሷ ትከተለኛለች። ያንን አውቃለሁ። በር ላይ ትቆማለች። የሚከተለውን ሰው ጥሎ የሚሄድ ሰው መሆን አልችልም፤ ተጥሎ መቅረት ምን እንደሆነ አውቀዋለሁ። አንቺ ትችዪዋለሽ። እሷ አትችለውም።»

አንቺ ትችዪዋለሽ። ሰው ሁሉ ስለ እሷ የሚለው ይኼንኑ ነው። ሐኪሟ አልችለውም ልትለው ፈለገች። መሬት ላይ ወድቄ እግርህን እይዛለሁ፣ እኔም ከአሁን ወዲያ እከተልሃለሁ፣ ወደብ ከተማ እመጣለሁ፣ በር ላይ እቆማለሁ ልትለው ፈለገች። ፊቱን ስታይ ግን፣ እንዲህ ብትል ይህ ሰው ለሁለት እንደሚቀደድ አየች። ከፍቅሯ ልትሰጠው የቀራት ነገር ቢኖር እሱን ከዚህ ማትረፍ ነው። እጁን ለቀቀችው።

«ነገ በጊዜ እመጣለሁ» አለችው። «አላስጠብቅህም።»

ጃኬቱን ታቅፎ፣ የዕቃውን ቦርሳ አንግቶ፣ ኩሽናውን አንድ ጊዜ ዞር ብሎ አየው፤ ጣውላውን፣ ገንዳውን፣ ግድግዳውን። ከዚያ ወጣ። ሐኪሟ መስኮቱ ጋ ቆመች። መንገዱ ማዶ ባለ ካፌ ደጃፍ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት ብቻዋን ተቀምጣለች፤ የቀረበላት ነገር አልተነካም። ሊፍቴ ከበሩ ብቅ ሲል ሴትዮዋ ከወንበሯ ብድግ ብላ መኪና ሳታይ መንገዱን ተሻገረች። ምንም አልጠየቀችውም። የቦርሳውን አንዱን ጆሮ ያዘችለት። ሐኪሟ ልትጠላት ፈልጋ አቃታት፤ እንዲህ ነበር እንዴ የሚደረገው ብላ ብቻ ነው ያሰበችው። እንዲህ ቀላል ነበር።

ስልኳ ሲጠራ ከመስኮቱ ሳትርቅ ነው ያነሳችው። እናቷ ናት። እናቷ በየቀኑ ትደውላለች፤ እሷም በየቀኑ ደህና ነኝ፣ ሥራ ላይ ነኝ፣ ኋላ እደውላለሁ ትላታለች።

«ወሰደ ዕቃውን?» አለች እናቷ። «አንቺ ሰላም ነሽ? ድምፅሽ ምን ሆኗል? ምን አለሽ? በልተሻል?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን እዚህ ላይ ትዘጋው ነበር። አሁን አልዘጋችም። ግድግዳውን ተደግፋ ወደ ወለሉ ወረደች።

«እማዬ» አለች፣ «ነይልኝ።»

 ይህች እናት ልጇን ስታሳድግ ይህን ቃል ሰምታው አታውቅም፤ በሮች ላይ ቆማ ስትለምነው የኖረችው ቃል ነው። ጆሮዋን አላመነችም፤ ምን አልሽ አለቻት። ሐኪሟ እንደገና አለችው፤ ነይልኝ፣ አቅፈሽ ያዢኝ አለች። እናቷ መጣሁ አለች። ጉልበቷን እንደሚያማት፣ ልጇ ቤት አምስተኛ ፎቅ ድረስ አንድም ቀን ወጥታ አለማወቋን ረስታ፣ መጣሁ ልጄ፣ መጣሁ እያለች ስልኩን ሳትዘጋ ቁልፍ ስትፈልግ ተሰማ።

ሐኪሟ ወለሉ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ሃሎ ለቅሶውን ሰምተው ይሁን፣ መብራቱ ጠፋ። በከፊል ጨለማው ውስጥ ብዙ ቆይታ፣ ደረጃው ላይ የእግር ድምፅ ሰማች። ቀስ ያለ፣ በየፎቁ እያረፈ የሚያቃስት የአሮጊት እግር ነው። የማን እንደሆነ በደንብ ታውቃለች። ቢሆንም እግሩ አምስተኛ ፎቅ ደርሶ በሩ እስኪከፈት ድረስ፣ እሱ ነው፣ ተመልሶ ነው እያለች ጠበቀች።